ቢት ፍላግ

ቢት ፍላግ በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ በርካታ መረጃዎችን በአንድ ቁጥር የመያዣ ዘዴ ነው። አንድ ቢት 0 ወይም 1 ስለሚሆን የአንድ ጥያቄ መልስ ይይዛል። ለቢቶቹ ስም የሚሰጠው የስሞች ዝርዝር ኢነም ይባላል።

የዋጋ አሰጣጥ

እያንዳንዱ ስም የራሱ ቢት እንዲኖረው ዋጋው ከቀደመው እጥፍ መሆን አለበት። ለምሳሌ የሳምንቱ ቀናት፦

ምንም = 0
ሰኞ = 1
ማክሰኞ = 2
ረቡዕ = 4
ሐሙስ = 8
ዓርብ = 16
ቅዳሜ = 32
እሑድ = 64

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚከፈት የመርካቶ ሱቅ የሥራ ቀናቱ ድምር 63 ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ደግሞ 20 ብሎ ይመዘግባል፤ ይህም በሁለትዮሽ 0010100 ነው።

ቀናቱ 1፣ 2፣ 3 ተብለው በተራ ቢቆጠሩ ግን ረቡዕ 3 ይሆናል። 3 የ1 እና የ2 ጥምር ስለሆነ ፕሮግራሙ ረቡዕን ከ«ሰኞና ማክሰኞ» መለየት አይችልም።

አጠቃቀም

ለመጨመር፦ ቀናት = ቀናት | ረቡዕ
ለመቀነስ፦ ቀናት = ቀናት & ~ረቡዕ
ለመጠየቅ፦ (ቀናት & ረቡዕ) != 0
ሁለቱም መኖራቸውን ለመጠየቅ፦ (ቀናት & 20) == 20

የተለመዱ ስህተቶች

* በ | ፈንታ + መጠቀም። ረቡዕ አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደገና ቢደመር 4 + 4 = 8 ይሆናል፤ የጾሙ ምግብ ወደ ሐሙስ ይዛወራል። | ግን ስንት ጊዜ ቢደገም ውጤቱ አይለወጥም።
* ቅንፍ መርሳት። በሲ ቋንቋ «ቀናት & ረቡዕ != 0» ሲጻፍ መጀመሪያ የሚሰላው «ረቡዕ != 0» ነው። ውጤቱ 1 ስለሆነ ፕሮግራሙ ሳያስጠነቅቅ ስለ ሰኞ ይጠይቃል።
* ለመቀነስ ^ መጠቀም። ቀኑ ቀድሞ ከሌለ ^ ይጨምረዋል።
* በሲ ሻርፕ «ፍላግስ» የሚለው ምልክት ዋጋዎቹን በራሱ እጥፍ እንደሚያደርግ ማሰብ። ቁጥሮቹን የሚሰጠው ፕሮግራመሩ ነው። በፓይተን ከ3.6 ጀምሮ የፍላግ ዓይነት ከ«አውቶ» ጋር እጥፉን ራሱ ይሰጣል።

ፍላግ የማይሆኑ ነገሮች

ፍላግ የሚያገለግለው አብረው ሊገኙ ለሚችሉ ነገሮች ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለአብዛኞቹ የፊደል ቤተሰቦች 8 ተከታታይ ቦታ ተሰጥቷል። «ሰ» 4656፣ «ሶ» 4662 ነው። 4662 & 7 ሲሰላ 6 ይገኛል፤ ከ0 ሲቆጠር ሳብዕ ማለት ነው። ሆኖም ካዕብ (1) እና ሣልስ (2) በ | ቢጣመሩ ውጤቱ ራብዕ (3) ነው እንጂ «ካዕብም ሣልስም» አይደለም። አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው፣ እዚህ 3ቱ ቢቶች አንድ ላይ አንድ ቁጥር ናቸው። እንዲህ ላለው መረጃ ተራ ኢነም ይበቃል።