የስሪ ማይል አይላንድ አደጋና ሕዝብን ከአደጋ ክልል የማውጣት ዕቅድ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሊየር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሁለተኛ ክፍል ማርች 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተበላሸ። የማቀዝቀዣው ውሃ በማነሱም የማብላያው እምብርት በከፊል ቀለጠ። አደጋው ያጋለጠው የመሣሪያን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የዕቅድንም ጉድለት ነው።

ከዚያ በፊት ለአንድ ጣቢያ የሥራ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የአካባቢው ሕዝብ የሚወጣበት ብቁ የአስተዳደር ዕቅድ መኖሩ እንደ ግዴታ አይቆጠርም ነበር። በጣቢያው ዙሪያ የነበሩት አውራጃዎች ያዘጋጁት ዕቅድም ከ5 ማይል (8 ኪሎ ሜትር) አያልፍም ነበር።

ማርች 30 ቀን ከጣቢያው ጭስ ማውጫ በላይ በሄሊኮፕተር የተለካ 1,200 ሚሊሬም ጨረር ከቅጥሩ ውጭ እንደተለካ ተቆጠረ። በዚህም ስሕተት የተነሣ የኒውክሊየር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሠራተኞች ሕዝቡ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። የግዛቱ ገዥ ሪቻርድ ቶርንበርግ ጠዋት በ10 ማይል ክልል ያሉት ከቤት እንዳይወጡ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ በ5 ማይል ክልል ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት እንዲለቁ መከሩ፤ 23 ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በዚያው ዕለት ዕቅዱ በመጀመሪያ ወደ 10፣ ቀጥሎም ወደ 20 ማይል እንዲሰፋ ተጠየቀ። የ20 ማይሉ ክልል 6 አውራጃዎችን፣ 650,000 ያህል ሕዝብን፣ 13 ሆስፒታሎችንና አንድ እስር ቤትን ያጠቃልል ነበር። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚታቀድ ጉዳይ አልነበረም። ሕዝቡም ዕቅዱን አልጠበቀም፤ ምክሩ ለጥቂቶች የተሰጠ ሆኖ ሳለ 144,000 ያህል ሰው ቤቱን ለቆ ሄደ።

በጆን ኬሜኒ ሰብሳቢነት ጉዳዩን የመረመረው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን ኦክቶበር 1979 ባቀረበው ዘገባ፣ ለአደጋ ጊዜ ዕቅድ ዝቅተኛ ግምት ተሰጥቶት እንደነበረ አረጋገጠ። በ1980 የወጣው ደንብም የ10 ማይል የዕቅድ ክልል፣ ለምግብና ለውሃ ቁጥጥር የ50 ማይል ክልል፣ በ15 ደቂቃ ያህል ጊዜ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ፣ የማያቋርጥ ልምምድና ለነዋሪዎች በየጊዜው የሚታደል መግለጫ እንዲኖር ደነገገ።

ደንቡ ኃይል እንዳለው በኒውዮርክ ግዛት በሾርሃም ታየ። የሰፎክ አውራጃ ምክር ቤት በ1983 ሕዝቡን በደኅና ማውጣት አይቻልም ብሎ በመወሰኑ፣ ተሠርቶ ያለቀው ጣቢያ ለንግድ ኃይል ሳያመነጭ በ1989 እንዲዘጋ ስምምነት ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ ለዕቅድ አውጪና ለመምህር የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ርቀትን በካርታ ላይ መክበብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተማሪዎችን ወደ አውቶቡስ የሚያስገባው መምህርም ሆነ አውቶቡሱን የሚነዳው ሾፌር የራሱ ልጆች አሉት። ለእነርሱ ደኅንነት አስቀድሞ መልስ ያልሰጠ ዕቅድ በአደጋው ሰዓት ፈጻሚ አያገኝም።