የዶሮ ሳል እና የቫይረሱ ብዙ ስሞች

እህቶቼ፣ እረፍት ቀን ሁለት ሦስት ሆነን ስንገናኝ «ሀገር ስንገባ ምን እንሥራ?» የሚለው ወሬ አይቀርም። ብዙዎቻችን መልሳችን አንድ ነው፦ ዶሮ። እኔም አንዷ ነኝ። ስለዚህ ስለ ዶሮ በሽታ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ፈንግልን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መጥቶ የመንደሩን ዶሮ ሲጨርስ እናቶቻችን አይተዋል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ በሽታ ነው፤ ስሙ ኢንፌክሽየስ ብሮንካይቲስ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ በጽሑፍ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ነው። በ1931 ሻልክ እና ሃውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጫጩቶችን የሚያንቅ አዲስ የሚመስል በሽታ አየን ብለው ጻፉ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ያንኮራፋሉ። በ1937 ቦዴት እና ሃድሰን ቫይረሱን ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። ማሳቹሴትስ ላይ ደግሞ ቫን ሮከል የሚባል ሰው አንድ ዘዴ አመጣ፦ ቄቦቹ እንቁላል መጣል ከመጀመራቸው በፊት ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ሆን ብሎ በሽታውን ማስያዝ። እነሱ ለሌሎቹ ያስተላልፋሉ፣ ሁሉም ታመው ይድናሉ፣ እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ አይያዙም። ድፍረት ነው፤ ግን ሠራ።

ያኔ ሁሉም ቫይረሱ አንድ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። በ1956 ግን ከኮነቲከት የመጣ ቫይረስ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ፤ የማሳቹሴትሱ በሽታ ይዟት የዳነች ዶሮ በኮነቲከቱ ትታመማለች። ሁለቱ ግዛቶች እኮ ድንበርተኛ ናቸው! በሽታው አንድ፣ ቫይረሱ ሁለት ዓይነት።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ቫይረሱ ላዩ ላይ እሾህ አለው። በእሾሁ የዶሮዋን ጉሮሮ ይይዛል፤ የዶሮዋ ሰውነትም ጠላቱን የሚለየው በዚሁ እሾህ ነው። የቫይረሱ ዘረመል በ27 ሺህ 6 መቶ ገደማ ፊደላት የተጻፈ ነው። ቫይረሱ ሲራባ ይህን ሁሉ ይገለብጣል፤ ድርሳን የሚገለብጥ ጸሐፊ ፊደል እንደሚስት እሱም ይስታል። ስህተቱ እሾሁ ላይ ካረፈ መልኩ ይቀየራል፣ ያለፈውን ክትባት የሚያስታውስ ሰውነትም ላያውቀው ይችላል። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች አንዲት ዶሮ ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ ገጽ ይለዋወጣሉ፤ ከሁለቱም የተቀዳ ሦስተኛ ይወጣል።

እሾሁን በዓይን ካሳዩን ሰዎች መካከል ስለ አንዲት ሴት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጁን አልሜዳ የግላስጎው የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነበረች። በ16 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ ላቦራቶሪ ተቀጠረች፣ ከዚያ ወደ ካናዳ ተሰደደች፣ እዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ስሟን አስጠራች። ይህን የዶሮ ቫይረስ አንስታ ጽሑፏን ስትልክ «መጥፎ የኢንፍሉዌንዛ ፎቶ ነው» ብለው መለሱላት። እሷ ግን ያየችውን ታውቃለች። ወደ እንግሊዝ ተመልሳ ከሰው ጉንፋን የተወሰደ ቫይረስ ስታይ ያው የዶሮው መልክ ሆኖ አገኘችው፤ ፎቶዎቹ በ1967 ታተሙ። በ1968 ቤተሰቡ ኮሮና ተባለ፣ ዘውድ ማለት ነው። የዶሮው ግን ሰውን አይዝም፤ ከኮቪድ ጋር የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

ከሁሉም ያስገረመኝ የስም ነገር ነው። ዛሬም በብዙ ሀገር የሚሰጠው ኤች 120 የሚባል ክትባት የተሠራው ሆላንድ ውስጥ ከተገኘ ቫይረስ ነው፤ እንቁላል ውስጥ 120 ጊዜ እየተላለፈ እንዲለዝብ ተደርጓል። ዓይነቱ ግን «ማሳቹሴትስ» ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ 793ቢ የተባለ አዲስ ዓይነት ተገኘና የእንግሊዝ ተባለ፤ በኋላ ሲመረመር ፈረንሳይ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ነበር። ስሙ የሚነግረን መጀመሪያ ማን እንደፈለገው እንጂ የት እንደተወለደ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» የተባልን ሰዎች ይህ ነገር ቶሎ ይገባናል።

እኛ ያለንበት አካባቢም የራሱ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እስራኤል ውስጥ ቫሪያንት 2 የተባለ ዓይነት ታወቀ፤ ግብፅ ውስጥ በቤኒ ሱዌፍ ስም የሚጠራ ዘመድ አለው። ይህኛው በሳል አያበቃም፣ ኩላሊት ይጎዳል። ዓይነቶቹ ሲበዙ በ2016 ተመራማሪዎች እሾሁን በሚሠራው ዘረመል እየለዩ በ6 ጎሳና በ32 የዘር ሐረግ መደቧቸው፤ የመካከለኛው ምስራቁ ጂአይ 23 ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ፖላንድ ውስጥ ተገኘ። እሱ ፓስፖርት የሚይዝበት ካፊል የለውማ!

ገንዘባችንን እንቁላል ላይ ለምናውል ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ጫጩቷ በተፈለፈለች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተያዘች አንዳንዱ ዓይነት የእንቁላል ቧንቧዋን ለዘለቄታው ያበላሻል። ታድጋለች፣ ትወፍራለች፣ ኩምቢዋ ይቀላል፣ መኖ ትበላለች፤ እንቁላል ግን የለም። ስታዩዋት ጤነኛ ናት። ስንት ወር ቀልባችሁ ነው የምታውቁት!

በ1999 ጄን ኩክ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ጥሩ ነገር አሳየች። አንድ የማሳቹሴትስ ክትባት፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ የ793ቢ ዓይነት ክትባት ከተሰጠ፣ ዶሮዋ ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ብዙ ዓይነቶችንም ትቋቋማለች። ሁለቱ ተደጋግፈው ከየብቻቸው የበለጠ ይሸፍናሉ።

በ2017 በታተመ ጥናት ደግሞ 793ቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ ዶሮዎች ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ጫጩት ሻጩ «ተከትበዋል» ሲለኝ እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ የፈንግል ብቻ ነው ወይስ የብሮንካይቲስም? የብሮንካይቲሱ ከሆነ የየትኛው ዓይነት፣ ስንተኛ ቀናቸው ላይ?