የመጀመሪያ የማህፀን ምርመራ፦ ምን ይደረጋል? እንዴት ልዘጋጅ?

የማህፀን ምርመራ የሴት ብልትን፣ የማህፀን በርን፣ ማህፀንንና በዙሪያው ያሉ አካላትን ለማየት የሚደረግ የሕክምና ምርመራ ነው። በብልት ውስጥ የሚደረገው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ብዙ ሴቶች ግን ምን እንደሚደረግ ስለማያውቁና ስለሚያፍሩ ችግራቸውን ይዘው ለዓመታት ቤት ይቆያሉ። ይህ ጽሑፍ በደባርቅ፣ በዳባትና ከሊማሊሞ በታች ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ቢሆንም በሌላ አካባቢ ላሉትም ያገለግላል።

ምርመራው ለማን ያስፈልጋል?

ለእያንዳንዷ ሴት በየጊዜው መደረግ ያለበት ምርመራ አይደለም። ምክንያት ሲኖር ይደረጋል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦

• ሽታ ያለው፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሚያሳክክ ፈሳሽ
• ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም
• ከእምብርት በታች የሚቆይ ህመም
• ወደ ታች የመጫን ስሜት፣ ወይም ከብልት የሚወጣ እንደ እብጠት ያለ ነገር
• ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል
• ልጅ መውለድ አለመቻል
• የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ

የመጨረሻው ምንም ህመም ለሌላቸው ሴቶችም ይደረጋል። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ቅድመ ምርመራውን እንዲያደርጉ ይመከራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከዚህ ዕድሜ ቀደም ብለው ይጀምራሉ፣ ቶሎ ቶሎም ይመረመራሉ።

ተነግሮ የማይታወቀው ችግር

በእኛ አካባቢ ይህ ምርመራ በተለይ የሚጠቅመው የማህፀን መውረድን ለማግኘት ነው። ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና ፊንጢጣን ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሲብስ ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ ጊዜ መውለድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ከወሊድ በኋላ ሳያርፉ ወደ ሥራ መመለስ፣ ለዓመታት እንስራና እንጨት መሸከም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ሁሉ ያባብሱታል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በዳባት ወረዳ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሴቶቹ በቃል ሲጠየቁ «ይህ ችግር አለብኝ» ያሉት ጥቂቶች ነበሩ። ምርመራ ከተደረገላቸው መካከል ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በተለያየ ደረጃ መውረድ ታይቷል። መጠነኛ መውረድ ሁሉ ሕክምና ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሆኖም ሴቶች ስለዚህ ችግር ሳይናገሩ እንደሚኖሩ ጥናቱ ያመለክታል። ሳይታይ የቀረ ችግር ደግሞ አይታከምም።

ወዴት ልሂድ?

በመጀመሪያ የሚቀርብዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገርም ጥሩ ጅምር ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ከሆነም እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊልክዎት ይችላል። የማህበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ የመድን ደብተርዎን ይያዙ፤ የመላኪያ ወረቀት (ሪፈር) መቀበልዎንም አይርሱ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪውን ከኪስዎ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ሊማሊሞን ወጥተው፣ ወይም ከጃናሞራና ከበየዳ ተጉዘው ወደ ደባርቅ የሚመጡ ሴቶች ረጅም መንገድ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ቀን በጤና ጣቢያው በኩል አስቀድመው ይጠይቁ።

ከመሄድዎ በፊት

• የወር አበባ በሌለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ያልተለመደ ደም መፍሰስ ካለ ግን እስኪቆም አይጠብቁ።
• የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበትን ቀን ያስታውሱ።
• ከውጭ በውሃ መታጠብ ይበቃል። ብልትን ወደ ውስጥ አይታጠቡ። ቅጠል፣ ሎሚ ወይም ሌላ መድኃኒት አያስገቡ፤ ሊያቆስል ይችላል፣ የምርመራውንም ውጤት ያዛባል።
• ከምርመራው በፊት ለአንድ ቀን ያህል ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ይቆጠቡ።
• ለምርመራው ሲባል ምግብ መተው አያስፈልግም።
• ሰፊ ቀሚስ ይልበሱ። የውስጥ ሱሪ ብቻ አውልቀው ቀሚስዎን ከፍ በማድረግ መመርመር ይችላሉ።
• የሚወስዱትን መድኃኒትና የቀድሞ ካርድ ይዘው ይሂዱ። የሚያምኗት ሴት ዘመድ አብራዎት ብትሄድ ጥሩ ነው።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

1. ንግግር። ሐኪሙ ወይም አዋላጅ ነርሷ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና ወሊድ፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ስለ ሽንትና ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ይጠይቁዎታል። ጥያቄው የሚጠየቀው ችግሩን ለመለየት እንጂ ለመፍረድ አይደለም። ባል ወይም አማት አብረው ከመጡ ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንዲጠብቁ ሊጠየቁ ይችላሉ። የተናገሩት ነገር በምስጢር ይያዛል።

2. ዝግጅት። ሽንትዎን ይሸናሉ፤ የሽንት ወይም የእርግዝና ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። ከዚያ በመጋረጃ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ በጀርባዎ ይተኛሉ። ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ይከፍታሉ። ከወገብዎ በታች በአንሶላ ወይም በራስዎ ነጠላ ይሸፈናሉ።

3. ከውጭ ማየት። ቁስል፣ እብጠት ወይም የግርዛት ጠባሳ መኖሩ ይታያል። ተገርዘው ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ትንሹ መሣሪያ ይመረጥልዎታል።

4. በመሣሪያ ማየት። ስፔኩለም የሚባል እንደ ዳክዬ አፍ የሚከፈት መሣሪያ ተዘግቶ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ ይከፈትና የማህፀን በር ይታያል። ብረት ከሆነ ሊቀዘቅዝዎት ይችላል። የሚሰማዎት የመወጠርና የመጫን ስሜት ነው፤ ከባድ ህመም ሊሆን አይገባም። ትንፋሽዎን በቀስታ ወደ ውጭ ያውጡ፣ መቀመጫዎን አልጋው ላይ ያሳርፉ፤ ጡንቻው ሲላላ ምርመራው ይቀላል። ለካንሰር ቅድመ ምርመራ ከሆነ እንደ አቼቶ ያለ ፈሳሽ የማህፀን በሩ ላይ ይቀባል። ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል። ከደቂቃ በኋላ የነጣ ቦታ ከታየ ተጨማሪ ምርመራ ወይም ሕክምና ያስፈልጋል። ይህ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሳይሆን ካንሰር እንዳይሆን ቀድሞ የሚታከም ለውጥ ነው። በአንዳንድ ቦታ በፈሳሹ ፋንታ በጥጥ ናሙና ይወሰዳል።

5. በእጅ መመርመር። ጓንት ባደረገ እጅ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው እጅ ሆድዎን ከላይ ይጫናል። የማህፀን መጠንና የሚያምበት ቦታ የሚታወቀው በዚህ ነው። መውረድ ከተጠረጠረ እንዲያስሉ ወይም እንዲያምጡ ይጠየቃሉ። በዚህ ጊዜ ሽንት ቢያመልጥዎት አይፈሩ፣ አይፈሩም ዘንድ ይህን ይወቁ፦ ለሐኪሙ አንድ ምልክት ነው።

ከምርመራው በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ጥቂት ደም ጠብ ቢል የተለመደ ነው። ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ህመም ከመጣ ግን ይመለሱ።

ምን ማለት እችላለሁ?

ምርመራው የሚደረገው በእርስዎ ፈቃድ ነው። ሴት ባለሙያ እንድትመረምርዎት ወይም ሴት ነርስ አብራ እንድትቆም መጠየቅ ይችላሉ። ቃሉ ከጠፋብዎት እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«ሲስተር፣ የመጀመሪያዬ ነው፤ እየነገርሽኝ አድርጊው።»
«ዶክተር፣ አመመኝ፤ አንዴ ይቁሙልኝ።»

ባለሙያው መቆም አለበት። ካቆመ በኋላ መቀጠል ወይም በሌላ ቀን መመለስ የእርስዎ ውሳኔ ነው።

ላላገቡ ልጃገረዶች

የግብረ ሥጋ ግንኙነት ላላደረገች ልጅ በብልት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የወር አበባ መዛባትና የሆድ ህመም በንግግር፣ ሆድን በመዳሰስና ሆድ ላይ በሚደረግ አልትራሳውንድ ይታያሉ። ለአልትራሳውንዱ ውሃ ጠጥተው ሽንት ይዘው እንዲቆዩ ሊነገር ይችላል።

ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። የማህፀን ምርመራ ድንግልናን ለማረጋገጥ አያገለግልም። በሐኪም ዓይን ድንግልናን መለየት የሚቻልበት መንገድ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ እንዲቆም ጠይቋል።

የማህፀን መውረድ ቢገኝብኝስ?

ሕክምናው እንደ ደረጃው ይለያያል። ለመጠነኛው ሽንትን ለመያዝ የምንጠቀምባቸውን ጡንቻዎች አጥብቆ የመልቀቅ እንቅስቃሴ በየቀኑ መሥራት ይረዳል። ከዚያ ሲያልፍ ፔሳሪ የሚባል ለስላሳ ቀለበት በብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል፤ በየጊዜው መታጠብና መታየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ለወጣው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ሕክምናውን ጎን ለጎን መከታተል ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሽንት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ችግሩ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ይህም በቀዶ ሕክምና የሚታከም ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አገልግሎቱ ይሰጣል።

ለባልና ለቤተሰብ

የማህፀን መውረድ እርግማን አይደለም፤ የመጥፎ ምግባር ውጤትም አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሴቲቱ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳትና ግንኙነት ማድረግ የለባትም። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት ውሃ ማን ይቀዳል? እንጨት ማን ያመጣል? ልጆቹን ማን ይይዛል? የሚለውን ቤተሰቡ ይነጋገርበት። ሳያርፉ ወደ ሸክም መመለስ የተሠራውን መልሶ ያፈርሰዋል።

ሳይዘገዩ የሚሄዱባቸው ምልክቶች

• የወር አበባ ቀርቶ ከባድ የሆድ ህመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት
• ልብስ የሚያረጥብ ብዙ ደም
• ከእምብርት በታች ህመም ከትኩሳት ጋር
• የወር አበባ ጨርሶ ከተቋረጠ ከዓመት በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም
• ወደ ውጭ ወጥቶ አልመለስ ያለ ወይም የቆሰለ ማህፀን፣ ወይም ሽንት መሽናት አለመቻል
• ተገዶ መደፈር። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ እርግዝናን የሚከላከለው በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ የበለጠ ይሠራሉ። ከተቻለ ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ ይምጡ። ጊዜው ቢያልፍም ሌላ የሚሰጥ ሕክምና ስላለ መምጣትዎን አይተዉ።