የኦኪናዋ ማዕድ፤ ረዥም ዕድሜ እንዴት ከእጅ ይወጣል

ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል የተጻፈ ታሪክ ብዙ ነው። ሕዝብ ምን በልቶ፣ በምን ሰዓት በልቶ፣ ስንት ዓመት እንደ ኖረ የሚናገር ታሪክ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የአገር ኀይል የሚመነጨው ከሕዝቡ ጤና፣ የሕዝቡም ጤና በብዙው ከማዕዱ ስለ ሆነ፣ ይህን ዐይነቱን ታሪክ መመርመር ለመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ለመምህር ትልቅ ጥቅም አለው። ለዚህም ምሳሌ ትሆነን ዘንድ የጃፓን ደቡባዊ ጠቅላይ ግዛት የሆነችውን ኦኪናዋን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦኪናዋ የደሴቶች አገር ስትሆን ቀድሞ ሪዩኪዩ የሚባል የራሷ መንግሥት ነበራት፤ በ1879 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተጠቃለለች። ደሴቶቹን ኀይለኛ ማዕበልና ዐውሎ ነፋስ አዘውትሮ ስለሚመታቸው ሩዝ እንደ ልብ አይበቅልባቸውም። በ1605 ዓ.ም. ኖጉኒ ሶካን የተባለ ሰው ከቻይና የስኳር ድንች ተክል አምጥቶ አስተዋወቀ። ይህ ተክል ሥሩ በመሬት ውስጥ ስለሚሸሸግ ነፋስን አይፈራም። ከዚህም የተነሣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኦኪናዋ ሕዝብ ዋና ቀለብ ሆነ። ከእርሱም ጋር አትክልት፣ የባሕር ዕፅ፣ ዓሣና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ይበላ ነበር። የአሳማ ሥጋ የሚቀርበው በአብዛኛው በበዓል ቀን ሲሆን፣ እርሱም ለረዥም ሰዓት ተቀቅሎ ስቡ ከተገፈፈለት በኋላ ነበር። ሽማግሌዎቹም «ከዐሥር እጅ ስምንቱን ሲሞላ እጅህን ከማዕድ አንሣ» እያሉ ልጆቻቸውን ይመክሩ ነበር።

ነገር ግን አንባቢ ይህን ሰምቶ ያለፈውን ዘመን የተድላ ዘመን አድርጎ እንዳያስብ ያስፈልጋል። ስኳር ድንች የድኻ ምግብ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ዋጋ በወደቀ ጊዜ፣ ሸንኮራ አገዳ በመሸጥ ይተዳደር የነበረው ገበሬ እጅግ ተቸገረ። ብዙዎችም ሶቴትሱ የሚባለውን ዛፍ፣ መርዙ በሚገባ ካልወጣለት የሚገድለውን፣ እስከ መብላት ደረሱ። ስለዚህ የኦኪናዋ ሰው የቀድሞውን ማዕድ ትቶ ወደ አዲሱ በመሄዱ ልንፈርድበት አይገባም፤ ከረኀብ የሚሸሽ ሰው የሚሸሽበትን መንገድ አይመርጥምና።

በ1945 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በደሴቲቱ ላይ የተደረገው ውጊያ ከነዋሪው አራተኛውን እጅ ያህል ፈጀ። እርሻው ጠፋ፤ ቤቱ ተቃጠለ፤ የተረፈውም ሕዝብ በሠፈር ታጉሮ የአሜሪካ ጦር የሚያድለውን ዱቄትና በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ይበላ ጀመር። የአሜሪካ አስተዳደር እስከ 1972 ዓ.ም. ስለ ቈየ፣ ለችግር ቀን የመጣው ቆርቆሮ ቀስ በቀስ የዘወትር ወጥ ሆነ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ አገር ፈጣን ምግብ የሚባለው ንግድ ተስፋፍቶ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በካንሳስ ውስጥ በዊቺታ ከተማ ዋይት ካስል የተባለው ቤት ሃምበርገር በርካሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የማክዶናልድ ወንድማማቾች በካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን በርናርዲኖ የምግብን አሠራር እንደ ፋብሪካ ሥራ ከፋፍለው ምግቡ በጥቂት ጊዜ እንዲደርስ አደረጉ። የዚህም ንግድ አንድ ቅርንጫፍ፣ ኤ ኤንድ ደብልዩ የተባለው፣ በ1963 ዓ.ም. በኦኪናዋ ተከፈተ። ቶኪዮ የመጀመሪያውን የማክዶናልድ ቤት ያየችው በ1971 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ኦኪናዋ በዚህ ነገር ዋና ከተማይቱን ስምንት ዓመት ቀደመች ማለት ነው።

የተለወጠው ምግቡ ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በደሴቲቱ ላይ የነበረው ቀላል ባቡር በውጊያው ስለ ጠፋ፣ በናሃ ከተማ ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር እስከ ተከፈተበት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ በመኪና ብቻ ይመላለስ ነበር። እግር ከመንገድ ራቀ፤ ምግብም በመኪና መስኮት ይገባ ጀመር። የመብል ሰዓትም እንዲሁ ተዛባ። ከፀሐይ ጋር ተነሥቶ ከፀሐይ ጋር የሚገባው ገበሬ በከተማ ሠራተኛ ሲተካ፣ እራት ወደ ሌሊት ተገፋ። እንዲያውም ማታ ከጓደኛ ጋር ሲጠጡ አምሽቶ፣ ወደ ቤት ከመግባት በፊት በእኩለ ሌሊት የተጠበሰ ሥጋ በልቶ ማሳረግ የኦኪናዋ ልማድ ሆኖ ይነገርለታል።

የሌሊት መብል ለምን እንደሚጎዳ የዘመናችን ሳይንስ ያስረዳል። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው፤ የዚህን ሰዓት አሠራር በዝንብ ላይ መርምረው ስለ ገለጡ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 ዓ.ም. በሕክምና የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ ሰዓት መሠረት በጧት የገባውን ስኳር ሰውነት በቀላሉ ሲያስተናግደው፣ ያው ስኳር በሌሊት ሲገባ በደም ውስጥ ብዙ ይቈያል። ይህም ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ለውፍረትና ለስኳር በሽታ መንገድ ይከፍታል።

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ። በ1985 ዓ.ም. በተደረገው የአማካይ ዕድሜ ስሌት ከጃፓን 47 ጠቅላይ ግዛቶች መካከል የኦኪናዋ ወንዶችም ሴቶችም አንደኛ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. ግዛቲቱ የረዥም ዕድሜ አገር መሆኗን ለዓለም ዐወጀች፤ በዚያው ዓመት ግን ወንዶቿ ወደ አራተኛ ደረጃ ወርደው ነበር። የ2000 ዓ.ም. ስሌት በታወቀ ጊዜ ወንዶቿ 26ኛ ሆነው ተገኙ። ይህም ነገር ሕዝቡን እጅግ ስላስደነገጠው «የሃያ ስድስት ድንጋጤ» ተብሎ ተሰየመ። በ2020 ዓ.ም. ወንዶቹ 43ኛ፣ ሴቶቹም 16ኛ ሆኑ። የኦኪናዋ አማካይ ዕድሜ ራሱ አልቀነሰም፤ ሌሎቹ ግዛቶች ፈጥነው ሲያድጉ እርሷ ወደ ኋላ ቀረች።

አንዳንድ ሊቃውንት የኦኪናዋ የልደት መዝገብ በጦርነቱ ስለ ተቃጠለና ኋላ እንደ ገና ስለ ተጻፈ የመቶ ዓመት አዛውንቶቹን ቍጥር ይጠራጠራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ተወልደው በጐልማስነት የሞቱትን ሰዎች ጕዳይ አይለውጠውም። ደረጃውን ያወረዱት በተለይ እነርሱ ናቸውና። በስኳር ድንች ያደገው አያት በሕይወት ሳለ፣ በቆርቆሮ ሥጋና በሃምበርገር ያደገው ልጅ በልብ፣ በጉበት ወይም በስኳር በሽታ ይሞት ጀመር። አባት ልጁን የሚቀብርበት አገር ምን ያህል እንደሚያዝን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ መጠጥም፣ መኪናም፣ የገቢ ማነስም በዚህ ጥፋት ድርሻ አላቸው። የሆነ ሆኖ ረዥም ዕድሜ በደም የሚወረስ ርስት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ትውልድ ሊጠፋ ባልቻለም ነበር።

የጃፓን መንግሥት ነገሩን በዝምታ አላለፈውም። የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ በ1954 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የምግብ ትምህርትን የሚመለከት መሠረታዊ ሕግ ታወጀ። በዚህም ሕግ ሕፃናት ስለሚበሉት ነገር መማር እንዳለባቸው ተደነገገ። የኦኪናዋም አስተዳደር የቀድሞውን ክብር ለመመለስ ብርቱ ጥረት ያደርጋል። ነገር ግን ልማድ በአንድ ትእዛዝ አልመጣምና በአንድ ትእዛዝ አይሄድም።

ይህ ታሪክ የሩቅ ደሴት ታሪክ ቢሆንም ለእኛም ትምህርት አለው። በከተሞቻችን የተጠበሰ ድንች፣ ሃምበርገርና ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ የወጣቱ ምሳ እየሆኑ ነው፤ ብዙው ሠራተኛም ቀኑን በሻይና በዳቦ አሳልፎ ዋናውን መብል ለመኝታ ሰዓት ያቈያል። ገብሱ፣ ሽሮውና ጎመኑ ደግሞ የችግር ምልክት ተብለው እንዳይናቁ ያሰጋል። ድኽነትን መሸሽ ተገቢ ነው፤ ከድኽነት ጋር አብሮ የነበረውን መልካም ምግብ መጣል ግን ግዴታ አይደለም። መምህራን በክፍላቸው፣ የጤና ሠራተኞች በየቀበሌው፣ የትምህርት ቤት ምገባን የሚመሩ ሹማምንትም በሚያጸድቁት የምግብ ዝርዝር ይህን ማስተማር ይችላሉ። የኦኪናዋ ሰዎች የነበራቸውን ሀብት ያወቁት ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ገና በእጃችን ሳለ ልናውቀው እንችላለን።