ስለ ልብ ያስተማሩን እንስሳት

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ የሕያው እንስሳን ደረት ከፍቶ ልቡን ሲመለከት ዓይኑ መከተል አቃተው። ትርታው ከመፍጠኑ የተነሣ መቼ እንደሚኮማተር፣ መቼ እንደሚላላ መለየት ተሳነው። የልብን እንቅስቃሴ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው ለማለት ተቃርቦ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጿል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መላ ያገኘው ልባቸው ቀስ ብሎ ወደሚመታ ፍጥረታት፣ ወደ እባብና ወደ ዓሣ፣ ሲዞር ነው። ደም በሰውነት ውስጥ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ለማስረዳት የእነዚህ ዝግተኛ ልቦች ምስክርነት ረድቶታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ወደ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ የልብ ምርምር፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚመጥን እንስሳ የመፈለግ ታሪክ ነው።

ጥያቄው የደም ግፊት ሲሆን ትልቅ እንስሳ አስፈለገ። ቄስ ስቲቨን ሄልስ በባዝራ ፈረስ የደም ሥር ውስጥ የነሐስ ቱቦ አስገብቶ ረጅም ብርጭቆ ቱቦ ቀጠለበት፤ ደሙም ወደ 2.5 ሜትር ከፍታ ወጣ። ውጤቱን በ1733 አሳተመ። ልብ በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ሰው በዓይኑ አየ። ዋጋውን ግን ፈረሷ ከፈለች።

በ19ኛው መቶ ዘመን ተራው የእንቁራሪት ሆነ፤ ልቧ ከአካሏ ተለይቶም ለሰዓታት ይመታልና። በ1880ዎቹ ለንደን ውስጥ ሲድኒ ሪንገር ልቧን በጨው ውኃ ያቆየው ነበር። በስሕተት የቧንቧ ውኃ የተቀላቀለበት ጊዜ ልቡ በደንብ ሲመታ፣ በተጣራ ውኃ ግን ደከመ። ልዩነቱን ያመጣው በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር። በ1921 ደግሞ ኦቶ ሎዊ የአንዷን እንቁራሪት ልብ በነርቭ አዘግይቶ፣ ያረፈበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ሲያዛውር ሁለተኛውም ዘገየ። ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር ያሳየው ይህ ሥራ በ1936 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

ሪንገር የተወው ጥያቄ ግን አልተፈታም። በአንዲት ትርታ ውስጥ ካልሲየም ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? መብራቱ ከባሕር መጣ፤ ጄሊፊሽ ካልሲየም ሲነካው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤኩዎሪን የተባለ ፕሮቲን አላት። ዴቪድ አለንና ጆን ብሊንክስ በ1978 ይህን በእንቁራሪት የልብ ጡንቻ ውስጥ አበሩት። ቀጥሎ አጥቢ እንስሳ ተፈለገ። የአይጥ ልብ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ስለሚመታ ከሰው ይርቃል።

ፌሬት የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ሸለምጥማጥ የምትመስል፣ አውሮፓውያን ለጥንቸል አደን ያላመዷት ቀጭን እንስሳ ናት። ለምርምር እንግዳ አልነበረችም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በ1933 ለንደን ውስጥ የተለየው በእርሷ ነው። የልቧ ትርታ ከአይጥ ይዘገያል፤ የልቧን ክዳኖች የሚይዙት ጡንቻዎች ደግሞ ቀጫጭን በመሆናቸው ከሰውነት ወጥተውም ኦክስጅን እስከ መሐላቸው ይደርሳቸዋል። በ1980ዎቹ የለንደን ተመራማሪዎች ካልሲየም ከልክ ሲበዛ ጡንቻው ምን እንደሚሆን በእርሷ ላይ መረመሩ። በ1987 የባልቲሞር ሐኪሞች፣ ልቧ ሳይቆራረጥ እየመታ ሳለ በውስጡ ያለውን ነፃ ካልሲየም በማግኔት ኃይል በሚሠራ መሣሪያ ለኩ። የልብ ድካምን ምንጭ ለሚፈልግ ሁሉ ይህ ትልቅ በር ነበር።

ሆኖም በ1994 ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የልብ ሴል ከትርታ በኋላ ካልሲየምን የሚያስወግድባቸው ሁለቱ ዋና መንገዶች ሲዘጉ የሌሎች እንስሳት ሴል ለመላላት ይዘገያል፤ የፌሬት ግን በሌላ መንገድ ፈጥኖ ይላላል። ለሰው ልብ የቀረበች የመሰለችው እንስሳ የራሷ ጠባይ ነበራት። ማንኛዋም እንስሳ የሰው ትንሽ ቅጂ አይደለችም።

ዊሊያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ተመራማሪ ሁሉ እንስሳን በሌላ እንዲተካ፣ ቁጥሩን እንዲቀንስ፣ ሥቃዩን እንዲያቃልል አሳስበዋል። ዛሬ ከሰው ቆዳ የተወሰደ ሴል ተለውጦ በሳሕን ላይ የሚመታ የልብ ሴል ይሆናል። መንገዱ ደስ ያሰኛል፤ እስከዚህ ያደረሱንን ግን መርሳት አይገባም። ስለ ልብ አዲስ ግኝት በሰማን ቁጥር «በማን ልብ ላይ ታየ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ሳይንሱን ከስሕተት ይጠብቃል፤ ውለታውንም ያስታውሰናል።