ወዛደር፦ የ«ፕሮሌታሪያት» አማርኛ

አብዮት ቃል ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ1776 ቶማስ ጀፈርሰን የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ሲያረቅ አንድ ቦታ ላይ «ተገዢዎች» ብሎ ጻፈ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አጠፋውና «ዜጎች» አለው። የእኛም የ1966ቱ አብዮት ብዙ ቃላት ወልዷል። ከነዚያ ውስጥ ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው የሚቀርበው ወዛደር ነው።

ወዛደር የሚባለው የራሱ ማምረቻ መሣሪያ የሌለው፣ ጉልበቱን ሸጦ የሚኖር ሰው ነው። ፕሮሌታሪያት የሚለው ቃል የላቲን ሥሩ ግን ሥራን አያነሣም፤ በጥንቷ ሮም ለመንግሥት ከልጆቹ በቀር የሚሰጠው ሀብት ያልነበረው ድኻ ስም ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ልጁን ትተው ሥራውን ያዙ። «አደር»ን ከአርሶ አደር አገኙት፦ ገበሬው አርሶ እንደሚያድር፣ የፋብሪካው ሰው ወዙን ከፍሎ ያድራል።

ክርክሩ የመጣው በፊተኛው ግማሽ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ጽሑፎች «ላብ አደር» ሲሉ ሌላው ወገን «ወዝ አደር» አለ፤ ወዝ ሊግ የተባለው ድርጅት ስሙንም ከዚያ ወሰደ። በኋላ የደርግ ዘመኑ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ) ጋዜጣውን «ሠርቶ አደር» ብሎ ሰየመው። በዚያ ዘመን የቃል ምርጫ ወገንን ያሳብቅ ነበር፤ ብዙ ወጣት ባለቀበት ጠብ ውስጥ ስለነበረ ዛሬም ቀለል አድርጌ ላነሣው አልችልም።

ፖለቲካውን ለይቼ ቃሉን ብቻ ስመዝን «ወዝ»ን እመርጣለሁ። ላብ ይወጣል፣ ይደርቃል፤ ሰውየው ታጥቦ ይወጣል። ወዝ ግን የገላ ልምላሜ ነው፤ ሲሟጠጥ ፊት ላይ ይታያል። ደመወዝም ቢሆን ደምና ወዝ ነው፤ ቋንቋው ክፍያውን ከሚከፈለው ሰው ገላ ጋር ካያያዘው ቆይቷል።

አቃቂ ለቃሉ ሥጋ የሰጠ ቦታ ነው። በባቡሩ መስመር ዳር ያደጉት የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚገባ የሚወጣ ሕዝብ ሰበሰቡ። በየካቲት 1966 መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ ወዛደር የሚለው ስም ገና አልተለመደም፤ ሰዎቹ ግን ነበሩ።

ዛሬ በሕግ ቋንቋ ያለው «ሠራተኛ» ነው፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156ም የሚለው ይህንኑ ነው። ሠራተኛ ሰፊ ቃል ነው፤ የባንክ ጸሐፊዋንም የሽመና ክፍሉን ሰውም ያቅፋል። የአቃቂን የፋብሪካ ታሪክ የሚጽፍ ግን ማን ምን እንደነበረው፣ ማን ከጉልበቱ በቀር ምንም እንዳልነበረው መለየት አለበት፤ ለዚህ «ሠራተኛ» አይበቃውም።