በመኖሪያ ቤት ዙሪያ ያቆረ ውሃን በማፋሰሻ ቦይ ስለማስወገድ

በክረምት ወራት ከጣሪያ የሚወርድና ከከፍታ ቦታ የሚመጣ ውሃ መውጫ ሲያጣ በመኖሪያ ቤት ዙሪያ ያቁራል። ያቆረ ውሃ የጭቃ ቤትን ግድግዳ ከሥሩ ያርሳል፤ መሠረትንም ያዳክማል። ጥቁር አፈር ባለባቸው ቦታዎች ጉዳቱ ይበረታል፤ አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ግድግዳና ወለል እንዲሰነጠቁ ያደርጋል። ወባማ በሆኑ አካባቢዎች ደግሞ ያቆረ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል።

ከቁፋሮ በፊት

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው የውሃው መውጫ ነው። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ስለሆነም፦

• በዝናብ ጊዜ ውሃው የሚመጣበትንና የሚያቁርበትን ቦታ በችካል ምልክት ማድረግ፤ ቁፋሮውን ግን በበጋ ማከናወን፤
• ከግቢው ዝቅ ያለውንና ውሃው ጉዳት ሳያደርስ የሚወጣበትን ቦታ መለየት፤
• ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ፣ ወደ ውሃ ጉድጓድ ወይም ወደ ምንጭ አለመልቀቅ፤
• በከተማ ከመንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃ ጋር ለማገናኘት፣ እንዲሁም የተቀበሩ የውሃ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮችን ለማወቅ አስቀድሞ የሚመለከተውን የወረዳ ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ቦዩ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆፈራል። ጥልቀቱ ከቤቱ መሠረት በታች መውረድ የለበትም።
2. ቁፋሮው ከመውጫው ተጀምሮ ወደ ላይ ይቀጥላል።
3. ወለሉ በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ለምሳሌ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ቦይ በመውጫው በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህም በሲባጎና በውሃ ልክ ይረጋገጣል።
4. ቦዩ ክፍት የሚሆን ከሆነ ጎንና ጎኑ በድንጋይ ይደገፋል፤ ሕፃናት በሚመላለሱበት ቦታም ይከደናል። የሚሸፈን ከሆነ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በታጠበ ጠጠር መካከል ይቀበራል። አፈር ጠጠሩን እንዳይደፍነው ውሃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ይጠቀለላል።
5. የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንዲያወርድ ይደረጋል፤ በቤቱና በቦዩ መካከል ያለው መሬትም ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል ይስተካከላል።

ሜዳማ በሆነና መውጫ በሌለው ግቢ በድንጋይ የተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ይሁንና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የሙከራ ጉድጓድ የተሞላ ውሃ በማግስቱም ካልሰረገ፣ አፈሩ ለዚህ አማራጭ አይሆንም።

ከሥራው በኋላ

የመጸዳጃ ቤትም ሆነ የኩሽና ፍሳሽ ከቦዩ ጋር ሊገናኝ አይገባም። ቦዩ ከክረምት በፊትና ከከባድ ዝናብ በኋላ ከደለልና ከቆሻሻ መጽዳት ይኖርበታል። ያልተጸዳ ቦይ ራሱ ውሃ ያቁራል፤ ሊያስወግደው የታሰበውን ችግርም መልሶ ያመጣል።